ኃይሌ ፊዳ፤ ከአርጆ እስከ ሕዝብ ድርጅት ጽሕፈት ቤት

የአንድ አገር ምርጫ በካርዱ ብዛትና በሣጥኑ ማማር ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ኢትዮጵያ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ. ም. ያደረገችው ምርጫ በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ ከፊተኞቹ ተርታ በተቈጠረ ነበር። ድምፅ እንዲሰጥ የተጠራው ሕዝብ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከመቶው 85 ያህሉ ወጥቶ መርጧል። ለብሔራዊ ሸንጎው 835 መቀመጫዎች በያንዳንዱ የምርጫ ክልል እስከ ሦስት የሚደርሱ ዕጩዎች ቀርበዋል። የከተማው ሰው በቀበሌው፣ ገበሬው በማኅበሩ ተሰልፎ ካርዱን ከሣጥኑ ከትቷል።

ዳሩ ግን ሦስቱን ዕጩዎች ለይቶ ያቀረበው ማን ነበር? ከሦስቱ ማንኛውም ቢመረጥ የመንግሥቱ አካሄድ ይለወጥ ነበርን? ይህን የጠየቅን እንደሆነ መልሱ አጭር ነው። ዕጩዎቹ ያለፉት በአንድ ፓርቲ ወንፊት ነው፤ ወንፊቱንም የያዘው እጅ አንድ ነበር።

ይህ ወንፊት እንዴት እንደ ተሠራ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከምርጫው ዐሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ የአንድ የወለጋ ተወላጅ ታሪክ ቢመለከት ይጠቅመዋል። ይህም ሰው አቶ ኃይሌ ፊዳ ናቸው። አቶ ኃይሌ ያን ምርጫ አላዩም፤ ከምርጫው ስምንት ዓመት አስቀድሞ ተገድለዋልና። ነገር ግን ፓርቲ ከማን ይወለድ፣ ሕዝብስ ሥልጣኑን በምን ይያዝ በሚለው ክርክር ውስጥ የእሳቸውን ያህል የገባ፣ የእሳቸውንም ያህል ዋጋ የከፈለ ሰው ጥቂት ነው።

የአርጆ ልጅ

አርጆ ከነቀምቴ በስተ ደቡብ፣ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ከሚወርደው አገር አጠገብ በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አቶ ኃይሌ በዚያ የተወለዱት በ1931 ዓ. ም. አገሪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1928 ዓ. ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች አቃጥለው፣ የመጡባቸውንም መኰንኖች ገድለው ነበር። ስለዚህ ያ ትውልድ ስለ መንግሥትና ስለ ነፃነት መስማት የጀመረው ገና ከሕፃንነቱ ነው።

ወለጋ ከትምህርት ጋር ከተዋወቀችም ብዙ ዘመን ነበራት። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕመው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ከስደት ተመልሰው በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው አስተምረዋል፤ ያረፉትም እዚያው ነው። ከእሳቸው ጋር የደከሙት ወይዘሮ አስቴር ጋኖም በትርጕሙና በመማሪያ መጻሕፍቱ ሥራ ስማቸው የሚነሣ ነው። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በሚል ስመ ጥምቀት የታወቁት ኩምሳ ሞረዳም ከነቀምቴ ቤተ መንግሥታቸው ሆነው አገሩን ሲያስተዳድሩ ለትምህርት በር አልዘጉም። የመጀመሪያውን ምርት ያጨደው የእነዚህ ሰዎች ትውልድ ሲሆን፣ እነኃይሌ ፊዳ ሁለተኛው ምርት ናቸው ማለት ይቻላል።

አቶ ኃይሌ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በወለጋ ጀምረው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በዚያን ጊዜ ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የሚመጡ ጐበዝ ተማሪዎች በአዳሪነት የሚማሩበት ቤት ነበር። ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የጂኦሎጂ፣ ማለት የምድርና የድንጋይ ጥናት ተማሩ። ሆኖም ቈይቶ ልባቸውን የወሰደው የድንጋዩ ሳይሆን በድንጋዩ ላይ የሚኖረው ሰው ጉዳይ ሆነ።

ፓርቲ የሌለበት ምርጫ

አቶ ኃይሌ በወጣትነታቸው የሚያውቁት የምርጫ ሥርዐት ከዛሬው አንባቢ ልማድ የራቀ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በ1923 ዓ. ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቢያቋቁምም እንደራሴዎቹን ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና የአገር ሽማግሎቹ ነበሩ። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ግን ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ወንድም ሴትም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንዲመርጥ ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ በ1950 ዓ. ም. መግቢያ ላይ ተደረገ፤ ከዚያም እስከ 1965 ዓ. ም. ድረስ በየአራት ዓመቱ ሲደገም ኖረ።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ግን እርምጃው ሦስት እንቅፋቶች ነበሩበት። መጀመሪያ፣ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ተመራጩ በግሉ ስምና በግሉ ገንዘብ ይወዳደር ነበር እንጂ የሚያቀርበው የጋራ ዕቅድ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ዕጩ ለመሆን በምርጫው ክልል ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ስለ ነበር ጭሰኛው ከመምረጥ በቀር ለመመረጥ አይችልም ነበር። ሦስተኛ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ ሚኒስትሮችም ተጠያቂነታቸው ለዘውዱ ነበር። እንግዲህ መራጩ አንድ ሰው ይልካል፤ የተላከው ሰው ግን መንግሥትን ለመለወጥ የሚያስችል ሥልጣን አይዞም ነበር።

የአቶ ኃይሌ ዘመን ተማሪዎች ይህን ሁሉ እያዩ አደጉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የክብር ዘበኛ ሙከራ ሲነሣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በአደባባይ ተሰልፈው ደግፈዋል። በየካቲት 1957 ዓ. ም. ደግሞ መሬት ለአራሹ ይሰጥ የሚል ጥያቄ ይዘው ወደ ምክር ቤቱ በር ሄደዋል። ተማሪዎቹ ሄደው የቆሙበት በር የሕዝብ እንደራሴዎች በር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከዚያ በር ውስጥ ግን የመሬቱ ነገር ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ እንጂ መፍትሔ አላገኘም። ብዙዎቹም ከምርጫ ሣጥን ለውጥ አይመጣም ብለው የደመደሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መደምደሚያ አንባቢ ያስታውስልን፤ ከፊታችን መልሶ ያገኘናልና።

በባሕር ማዶ

አቶ ኃይሌ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግረው የኅብረተሰብ ጥናት ተማሩ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ያለው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ከትምህርት ይልቅ የአገር ጉዳይ የሚመከርበት ሸንጎ ሆኖ ነበር፤ እሳቸውም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ። በ1960 ዓ. ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ጥቂት ጓደኞች ተሰብስበው የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን፣ በአጭሩ መኢሶንን በምሥጢር ሲመሠርቱ አቶ ኃይሌ ከመሥራቾቹ ነበሩ። በአገር ውስጥ ፓርቲ ማቋቋም የማይታሰብ በነበረበት ጊዜ የተወለደ ድርጅት ስለሆነ፣ መሸሸግንና መጠራጠርን ገና ከልጅነቱ ለመደ።

የፖለቲካው ሥራ ሳያግዳቸው አንድ ሌላ ቁም ነገር ሠርተዋል። በ1965 ዓ. ም. ገደማ ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው የሚናገረውን ሂርማታ ዱቢ አፋን ኦሮሞ የተባለ መጽሐፍ በላቲን ፊደል አዘጋጅተው በፓሪስ እንዲወጣ አደረጉ። ኦነሲሞስ ነሲብ ኦሮምኛን የጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር፤ አቶ ኃይሌ ግን የቋንቋው አናባቢዎች እርዝማኔና እጥረት፣ የተነባቢዎቹም መጥበቅና መላላት በጽሕፈት ተለይቶ እንዲታይ ላቲኑን መረጡ። መጽሐፉ በጊዜው ከጥቂት ሰዎች እጅ አላለፈም። ነገር ግን በጥቅምት 1984 ዓ. ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ዛሬ ቁቤ በምንለው እንዲጻፍ ሲወሰን፣ ከዚያ ቀደም መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች አንዱ አቶ ኃይሌ እንደ ነበሩ ታሰበ። ዛሬ በነቀምቴ የሚማር ልጅ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ፊደል ከዚያ የፓሪስ ሥራ ጋር ዝምድና አለው።

ከወታደር ጋር የተደረገ መንገድ

በ1966 ዓ. ም. አብዮቱ ፈንድቶ ዘውዱ ሲወድቅ፣ የተደራጀ ፓርቲ በአደባባይ ስላልነበረ ሥልጣኑን ያነሣው የተደራጀው ክፍል ሆነ፤ እሱም ጦሩ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ. ም. ኅብረተሰብአዊነት ታወጀ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች እንዲቋቋሙ ተደነገገ። አቶ ኃይሌም በዚሁ ዓመት ከአውሮፓ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የተመለሱ ምሁራን የገጠማቸው ጥያቄ ከባድ ነበር። ለዘመናት የጮኹለትን የመሬት ዐዋጅ ያወጣው ወታደር ነው። ታዲያ ወታደሩን ይደግፉት ወይስ ይቃወሙት? በዚህ ላይ የተማረው ወጣት ለሁለት ተከፈለ። በነሐሴ 1967 ዓ. ም. ራሱን ለሕዝብ ያስታወቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ማለት ኢሕአፓ፣ ደርግ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት በአስቸኳይ ያስረክብ አለ። የአቶ ኃይሌ መኢሶን ደግሞ ሕዝቡ ገና አልተደራጀም፤ ስለዚህ ደርግን እየነቀፍን በጎ ሥራውን እንደግፍ፣ በዚህም ጊዜ ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ አለ። ይህም አቋም ሂሳዊ ድጋፍ ተባለ።

ክርክሩ መጀመሪያ በብዕር ነበር። በ1968 ዓ. ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ አብዮታዊ መድረክ በተባለው ዓምድ ሁለቱም ወገኖች ሐሳባቸውን ሲጽፉ አንባቢው ጋዜጣውን እየተሻማ ያነብ ነበር። ርዕዮተ ዓለም፣ ንኡስ ከበርቴ፣ አድኃሪ፣ ተራማጅ የሚሉት ቃላት ከተማሪ ቤት ወጥተው ገበያ የገቡት በዚያን ጊዜ ነው። ሠራተኛውን አንዱ ላብ አደር፣ ሌላው ወዝ አደር ብሎ በመጥራቱ ብቻ የተናጋሪው ወገን ይታወቅ ነበር። ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ኢትዮጵያ በታሪኳ ያላየችው የሐሳብ ገበያ ቆሞላት ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1968 ዓ. ም. የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። ፕሮግራሙ የብሔረሰቦችን የራስ አስተዳደር መብት ያወቀ፣ ወደፊትም የሠራተኛው ክፍል ፓርቲ እንደሚቋቋም ተስፋ የሰጠ ነበር። ይህንንም የሚያስፈጽም የሕዝብ ድርጅት ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ አቶ ኃይሌ ፊዳ ሊቀ መንበር ሆኑ። ጽሕፈት ቤቱ በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ካድሬዎችን አሠልጥኖ ላከ፤ የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ከዚሁ ጋር ተቋቋመ። የአርጆው ልጅ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው አገሪቱን የማንቃትና የማደራጀት ሥራ በእጃቸው ገባ።

የቀበሌው ነገር

መኢሶን ታላቅ ተስፋ የጣለው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ላይ ነበር። በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር አለ፤ በከኒሳ በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው። በኦሮሞ ባህል ሽማግሌ የሚመክረው ከዛፍ ጥላ ሥር መሆኑ የታወቀ ነው። በዐዋጁ መሠረት በየሰፈሩ የሚኖረው ሕዝብ ተሰብስቦ የራሱን ሊቀ መንበር፣ የራሱን ፍርድ ሸንጎ መምረጥ ይችላል ማለት፣ ከዛፉ ሥር የነበረውን ምክር በሕግ ማጽናት መስሎ ይታይ ነበር። ንብረት የሌለው ሰው፣ ሴትም ብትሆን ወንድ፣ በሰፈሩ ጉዳይ ለመመረጥ የቻለው በዚያን ጊዜ ነው። ይህን በጎ ሥራ መካድ አይገባም።

ክፋቱ የመጣው ምርጫው የሁለቱ ድርጅቶች መሻሚያ በሆነ ጊዜ ነው። መኢሶን በቀበሌዎች የራሱን ሰዎች ለማስገባት ሠራ፤ ኢሕአፓም እንደዚሁ። በ1969 ዓ. ም. መጀመሪያ በወጣው ዐዋጅ የቀበሌ ሥልጣን ሲሰፋና ጥበቃ ጓዶች ሲታጠቁ፣ የሰፈር ሊቀ መንበርነት የመንገድና የውሃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። ተቃዋሚ ነው የተባለ ሰው እንዳይመረጥ መከልከል ተጀመረ፤ ከመከልከል ወደ ማሰር፣ ከማሰርም ወደ መግደል ለመሄድ ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

ደሙ ከሁለቱም ወገን ፈሰሰ። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ. ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። በዚያው ወር የጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ቀይ ሽብር ብሎ የሰየመው ዘመቻ ተከፍቶ የብዙ ሺህ ወጣቶች ሕይወት አለፈ። በዚህ ጊዜ መኢሶን ከመንግሥቱ ጐን ቆሞ ነበር፤ የታጠቁት ቀበሌዎች ካደረሱት ግፍ ከፊሉ በእሱ ሰዎች እጅ የተፈጸመ መሆኑ ሲያከራክርና ሲያስወቅስ ይኖራል። የአቶ ኃይሌን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዕውቀታቸውንና ድካማቸውን እያመሰገነ ይህን ቢዘል ለእውነት አልቆመም ማለት ነው።

በሬውና ገደሉ

ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ይባላል። ሣሩ በቀበሌና በካድሬ ትምህርት ቤት የተገኘው ሰፊ መድረክ ነበር፤ ገደሉ ደግሞ ጠመንጃውን የያዘው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ. ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ባልደረቦቻቸው በቤተ መንግሥት ተገደሉ፤ በዚያው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ታላቅ ሰው የነበሩት ዶክተር ሰናይ ልኬም በዚያው ግቢ ሞቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ።

በዚያው ዓመት አምስት ድርጅቶች የኢትዮጵያ ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅቶች ኅብረትን፣ ማለት ኢማሌድኅን አቋቋሙ። እነሱም መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ከወታደሩ ወገን የተፈጠረው አብዮታዊ ሰደድ ናቸው። በኢጭአት ውስጥም ሌላው የወለጋ ልጅ ባሮ ቱምሳ ነበሩ። የኅብረቱ ሐሳብ አምስቱ ተዋሕደው አንድ የሠራተኛ ፓርቲ እንዲሆኑ ነበር። በውስጡ ግን ሰደድ እያደገ፣ የቀሩት እየተመናመኑ ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን በ1969 ዓ. ም. ክረምት ተቀነሰ፤ የመኢሶን ሰዎችም ከየቦታቸው ይነሡ ጀመር።

የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባበት በዚያ ክረምት፣ በነሐሴ ወር 1969 ዓ. ም. የመኢሶን መሪዎች ከደርግ ጋር የነበራቸውን ትብብር አቋርጠው ከአዲስ አበባ ወጡ። አገር በጦርነት ላይ ሳለች በመውጣታቸው መንግሥት ከሃዲዎች ብሎ አወገዛቸው። አቶ ኃይሌ ብዙም ሳይቈዩ ተያዙ። ትናንት ካድሬ ሲያሠለጥኑ የነበሩት ሰው እስረኛ ሆኑ፤ ትናንት ለሌላው የተነፈገው የመከራከር መብት ዛሬ ለእሳቸውም አልተገኘም። ሁለት ዓመት ያህል በእስር ከቈዩ በኋላ በ1971 ዓ. ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ዕድሜያቸው አርባ ነበር። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የወለጋው ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንደዚሁ ያለ ፍርድ ተገድለዋል። መንግሥት ስለ ሞታቸው ስላልተናገረ ነገሩ ለብዙ ዓመት ተሸፍኖ ኖረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታይቶ፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ. ም. ኮሎኔል መንግሥቱና ብዙ ባልደረቦቻቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ተብለዋል።

ካለ እሳቸው የተደረገው ምርጫ

አቶ ኃይሌ በሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1972 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን በዐዋጅ ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ድርጅቶችን ሳይሆን ግለሰቦችን እየመረጠ አባል ያደርግ ነበር። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ፣ በጳጕሜን 1976 ዓ. ም. ኢሠፓ ተመሠረተ፤ ዋና ጸሐፊውም ኮሎኔል መንግሥቱ ነበሩ። የድርጅቶች ውሕደት ይወልደዋል የተባለው ፓርቲ በዐዋጅና በሹመት ተወለደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሕገ መንግሥት ተረቀቀ። ረቂቁ ለሕዝብ ተበትኖ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ውይይት ተደረገበት። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ. ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 81 ያህሉ ደገፈው፤ ከመቶ 18 ያህሉ ተቃወመው። በዚያ ጊዜ ከመቶ 18 ሰው ተቃወመ መባሉ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በሕገ መንግሥቱ ስድስተኛ አንቀጽ ኢሠፓ የመንግሥቱና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል ተባለ። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ምርጫ ምን ዐይነት እንደሚሆን የወሰነው ይህ አንቀጽ ነው።

ከዚያ በላይ የተናገርንለት የሰኔ 7 ቀን ምርጫ መጣ። ዕጩዎቹን ያቀረቡት ፓርቲው፣ የብዙኃን ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ከፍተኛዎቹ የፓርቲው መሪዎች ተመረጡ። ሸንጎው ጳጕሜን 1979 ዓ. ም. ተሰብስቦ ሪፑብሊኩን አወጀ፤ ኮሎኔል መንግሥቱንም ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ሸንጎው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰብ ስለ ነበር በቀረው ጊዜ ሥራው ሁሉ የመንግሥት ምክር ቤት ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላም መንግሥቱ፣ ሸንጎውና ፓርቲው ባንድነት ወደቁ።

የጎረቤት አገሮች ልምድ

በአንድ ፓርቲ ሥር ምርጫ ያደረገች ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ የአንዱም ከሌላው ይለያል። ታንዛንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 ዓመተ ምሕረት በታኑ ፓርቲ ሥር ባደረገችው ምርጫ በአብዛኛው የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት የፓርቲ አባሎች ተወዳደሩ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ አንደኛው በመቈፈሪያ፣ ሁለተኛው በቤት ሥዕል ይለይ ነበር። የዘር፣ የጐሣና የሃይማኖት ነገር ማንሣት ለሁለቱም ተከለከለ። ውጤቱም ያስገርም ነበር፤ ሁለት ሚኒስትሮችና ሌሎችም ሹማምንት ወንበራቸውን ተቀሙ። ፕሬዚዳንቱ ጁልየስ ኔሬሬ ግን ለብቻቸው ቀርበው ሕዝቡ አዎን ወይም አይሆንም ብቻ እንዲል ተጠየቀ። በኬንያ ደግሞ በ1988 የካኑ ፓርቲ ዕጩዎቹን ለመለየት መራጩ ከሚደግፈው ሰው በስተ ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፍ አደረገ፤ ድምፁ በምሥጢር መሆኑ ስለ ቀረ ብዙ ቅሬታ ተነሣ።

ከነዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በአንድ ፓርቲ ውስጥ የሚደረግ ምርጫ ሰነፉን ሹም ሊያወርድ፣ ትጉሁን ሊያወጣ ይችላል፤ ሰውን ይለውጣል። ሐሳብን ግን አይለውጥም፤ ከሐሳቡ የተለየ ሰው ከወንፊቱ አያልፍምና።

የታሪኩ ፍርድ

አቶ ኃይሌ ፊዳ ለራሳቸው ጥቅም የመጡ ሰው አልነበሩም። በአውሮፓ በሰላም ለመኖር ሲችሉ ተመልሰው በአገራቸው ጉዳይ ገቡ። ለአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ደክመዋል፤ ሕዝቡ በየሰፈሩ ተደራጅቶ ራሱን ያስተዳድር የሚለውንም ሐሳብ ከልብ አምነውበት ሠርተዋል። ስሕተታቸውን ስንመረምር ግን ከሁሉ በላይ የሚታየን ይህ ነው። እሳቸውም ሆኑ ተቃዋሚዎቻቸው የሚለያዩት ፓርቲው የማን ይሁን በሚለው ነበር እንጂ ፓርቲው አንድ መሆኑን ሁለቱም ተቀብለውታል። ለተሸናፊው ቦታ የሚተው ሥርዐት በማንኛቸውም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ክርክሩ መሸነፍ የማይቻልበት ክርክር ሆነ፤ መሸነፍ ማለት መሞት ነበርና። በመጨረሻም ሁለቱም ተሸንፈው፣ ከሁለቱም ያልተወለደ ፓርቲ አገሪቱን ወረሰ።

ከላይ አንባቢ ያስታውስልን ያልነውም እዚህ ላይ ይመለሳል። በዘውዱ ዘመን ሣጥኑ ለውጥ አላመጣም ተብሎ ተናቀ። የተናቀው ሣጥን ግን ጉድለቱ ሣጥን መሆኑ አልነበረም፤ በውስጡ የሚገባው ድምፅ ሥልጣን ስላልነበረው ነው። ጉድለቱን ማረም ሲገባ ሣጥኑ ተሰበረ፤ በቦታውም ጠመንጃ ተተከለ። ሣጥኑ በ1979 ዓ. ም. ተጠግኖ ሲመጣ ደግሞ ጉድለቱ ተባብሶ ተገኘ። በፊት ፓርቲ የለም ተብሎ ምርጫ ጐደለ፤ በኋላ አንድ ብቻ አለ ተብሎ ጐደለ።

የዛሬ ተማሪ ስለ አንድ ሐሳብ ሲከራከር፣ ከፊቱ የቆመው ጓደኛው ነገ ቢያሸንፈው ምን መብት እንደሚቀርለት አስቀድሞ ያስብ። ለራሱ የሚሻውን ያህል ለተቃዋሚው ካልፈቀደ፣ የሚቈፍረው ጕድጓድ የራሱ መሆኑን የአቶ ኃይሌና የጓደኞቻቸው ዕድል ይመሰክራል። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም የመራጮች መዝገብ በእጁ የገባ እንደሆነ፣ በዚያ መዝገብ ላይ የማይወደውን ሰው ስም በጥንቃቄ መጻፍ ከሥራው ሁሉ የከበረ መሆኑን ይወቅ። ምርጫ የሚበላሸው በታላላቅ ዐዋጆች ብቻ አይደለም፤ በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ከምትሰረዝ አንዲት ስም ይጀምራል።

አርጆ ዛሬም በደጋው ላይ ናት። ልጆቿ ቋንቋቸውን በሚጽፉበት ፊደል ውስጥ የአንድ ልጅዋ ድካም አለ። ከዚህ ከጽሑፍ ውርስ ይልቅ የሚከብደው ግን የሕይወቱ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ሕዝብ መረጠ የሚባለው ያልተመረጠውም ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ለመግባት፣ በሚቀጥለውም ምርጫ ተመልሶ ለመቅረብ የቻለ እንደሆነ ነው።